የጎደለችው ቀጭን በርሜል

የመንግሥት ንብረት ክፍል ሠርቶ የማያውቅ ሰው «ጉድለት» የሚለውን ቃል እንደ እኔ አይፈራውም። ለሌላው ሰው የሆነ ነገር ጠፋ ማለት ነው፤ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ግን ደመወዝ መቆረጥ፣ ዋስ መፈለግ፣ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስና የጎረቤት አፍ ውስጥ መግባት ነው። እኔ ከድጃ ደሴ ውስጥ በአንድ የጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ንብረት ያዝኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ብሎን አልጎደለችብኝም። ይህን የምነግራችሁ ልኮፈስ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልኮፈስ ብዬም ነው።

ታዲያ አገሬ ላይ ያልነካኝ ቃል ሮዝዌል በምትባል የአትላንታ ጥግ፣ መወልወያ ይዤ በቆምኩበት አገኘኝ። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አሜሪካ የገባነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ዲቪ የደረሰው ለባለቤቴ ለሰይድ ነበር። እሱ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ እኔ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ውስጥ ሴት ልጃችንን ወልጄ ጥቂት ወራት ቤት ከቆየሁ በኋላ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘሁት ሮዝዌል ውስጥ ያረጁና ብርቅ የሆኑ ዕቃዎች በጨረታ የሚሸጡበት ቤት ነው። አቧራ መወልወል፣ ወለል መጥረግ፣ ቆሻሻ ማውጣት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ጨረታው የሚካሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሆነ አምስት ወር ስሠራ አንድም ቀን ጨረታ ሲደረግ አላየሁም። ይህቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት።

የቤቱ ባለቤት ሚስተር ዋልተር ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ጠዋት «ደህና አደርሽ» ይለኛል፣ ደመወዜን በቀኑ ይከፍለኛል፣ ስሜን ግን አምስት ወር ሙሉ «ካዲሻ» እያለ ነበር የሚጠራው። አገሬ ምን እሠራ እንደነበር ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ጠመንጃ ቤት ነበርኩ» ብለው ምን ብሎ እንደሚረዳኝ አላህ ነው የሚያውቀው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሚስስ ኤድና የሚባሉ አሮጊት ስኔልቪል ከምትባል ከተማ አንድ የእንጨት ሳጥን ይዘው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም። ትልቁን ቤት ሸጠው ልጃቸው ጋ ሊገቡ ስለሆነ የሟቹን ዕቃ ቀስ በቀስ እያወጡ ነበር፤ ሳጥኑ የተገኘው ከጣሪያው ሥር ነው። ሚስተር ዋልተር ተቀበላቸው፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስማቸውን ጽፎ ለጠፈበትና «ባለሙያችን ነገ ያየዋል» ብሎ ሸኛቸው። ቆጠራ የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ። እኔ ጥግ ቆሜ ልቤ ቀጥ አለ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ርክክብ ቢደረግ ሰጪም ተቀባይም ይጠየቁ ነበር።

ሳጥኑን እንድወለውለው ለእኔ ሰጠኝ። ስከፍተው ውስጡ አረንጓዴ ጨርቅ የተለበጠ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ በልኩ ቦይ ተቦርቡሮለታል። በአንዱ ጥይት የሚያጎርስ ቃታ፣ በሌላው ትንሽ የጥይት ካዝና፣ በሌላው መፍቻ ተኝተዋል። ረጅሙ ቦይ ባዶ ነበር። ቃታውን አንስቼ ፊቱን አየሁት። ጥይት የምትመታው መርፌ መሃል ላይ አይደለችም፤ ወደ ዳር ፈንጠር ብላለች። ብቻዬን ሳቅሁ። አወቅኋት!

ለማታውቁት ላስረዳ። ትልቅ ጠመንጃ ጥይቱን የሚመታው ከበስተጀርባው መሃል ለመሃል ነው። ሰዉ ሃያ ሁለት የሚላት ትንሿ ጥይት ግን የምትፈነዳው ጠርዟ ሲመታ ነው። ስለዚህ ትልቁን ጠመንጃ በትንሿ ጥይት ለማስተኮስ ቃታው ይለወጣል፣ ካዝናው ይለወጣል፣ በትልቁ በርሜል ውስጥ ደግሞ ሌላ ቀጭን በርሜል ይከተታል። ምልምል ወታደር ዒላማ ሲለማመድ ውድ ጥይት እንዳይጨርስ የተሠራ ዘዴ ነው። እኛ ክፍል ከንጉሡ ዘመን የተረፉ እንዲህ ያሉ ስምንት ሳጥኖች ነበሩ፤ «ማለማመጃ» እንላቸው ነበር። የስምንቱንም ቁጥር ዛሬም በቃሌ ልነግራችሁ እችላለሁ።

ለማንም ሳልነግር ወልውዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። አቧራ የምትወለውል ሴት ምን ታውቃለች ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ዓርብ ረፋድ ላይ የቤቱ የመሣሪያ ገማች ራንዲ መጣ። ቀይ ፂም ያለው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ሰው ነው። ሳጥኑን ሲከፍት ፉጨት አሰማ።

«ዋልተር፣ ይህ ከጦርነቱ በፊት ጀርመን የተሠራ ነው። በሥራ ዘመኔ ሁለቴ ብቻ ነው ያየሁት» አለ። ከዚያ ባዶውን ቦይ አየና ፊቱ ወደቀ። «በርሜሉስ?»

«የቱ በርሜል?»

«ቀጭኑ በርሜል ነዋ! ዋናው ዕቃ እሱ ነው። ያለ እሱ ይህ ሁሉ የመለዋወጫ ዋጋ ነው የሚያወጣው። ቢበዛ ሁለት መቶ ዶላር።»

ሚስተር ዋልተር ለሚስስ ኤድና ደወለ። ምን እንዳሉት ባልሰማም ፊቱ ላይ አነበብኩት። ስልኩን ዘጋና ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«ባለቤቷ ከዚህ ዕቃ አንዲት ነገር ጥሎ አያውቅም ነው የምትለው። ካዲሻ፣ ትናንት ሳጥኑን የከፈትሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ውስጡ ረጅም ቱቦ የሚመስል ብረት አልነበረም? ቆሻሻ መስሎሽ ጥለሽው ይሆናል። አልቆጣም፤ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።»

«ቱቦ አይደለም፣ በርሜል ነው» አልኩት። «አልነበረም። ቦዩ ባዶ ነበር።»

«በርሜል መሆኑን በምን አወቅሽ?»

አያችሁ? ማወቄ ራሱ ወንጀል ሆነ። ላስረዳ አፌን ስከፍት የያዝኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። ሚስተር ዋልተር ደግሞ መንተባተቤን የጥፋተኛ መንተባተብ አድርጎ ወሰደው። ከኋላ ያለውን ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ ሁለት ሰዓት በረበርነው፤ እኔ ውስጥ ገብቼ፣ እሱ ከላይ ቆሞ። ካርቶን፣ የተሰበረ አምፖል፣ የሳምንት የምግብ ትራፊ፤ በርሜል ግን የለም። ስወጣ ቀሚሴ ላይ የቲማቲም ስጎ ተለጥፎ ነበር።

«ነገ ጨረታ ስላለ ጊዜ የለኝም» አለኝ። «ሰኞ ወይ ዕቃውን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ወይ አትመጪም።»

ሥራው ቢቀር ሌላ መወልወያ አይጠፋም። ያቃጠለኝ ስሜ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ስም በአንድ ረፋድ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ገባ።

ቤት ስገባ ሰይድ እራት እየበላ ነበር። ነገርኩት። ማኘኩን ሳያቆም አሰበና፣

«ስሚ ከድጃ፣ ሶሪ በይና ሙቭ ኦን አድርጊ» አለኝ። «እዚህ አገር ሰው በየቀኑ ፋየር ይደረጋል። ኤርፖርት ክሊኒንግ ሰው ሃየር እያደረጉ ነው፣ ነገ አፕላይ እናደርጋለን።»

«ሳላጠፋ ሶሪ ልበል?»

«ኖ፣ አይ ሚን... ምናልባት ሳታይው ጥለሽው ቢሆንስ?»

ያን ጊዜ ያየሁትን አስተያየት ሰይድ ዛሬም ይፈራዋል። «ወላሂ ሰይድ፣ ይህን ደግመህ ብትናገር ይህን ሽሮ በራስህ ላይ ነው የምደፋው» አልኩት። አልደገመም።

ቅዳሜ ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ ምንጣፌ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ዱዓ ላደርግ ፈልጌ ባዶው ቦይ ዓይኔ ላይ ድቅን ይልብኛል። እናንተ እስካሁን ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ግን ተከስሼ ነበር፤ የተከሰሰ ሰው የሚያስበው ራሱን ስለመከላከል ብቻ ነው፣ ዕቃው የት ሊሆን ይችላል ብሎ አያስብም። «ይህ ሳጥን ደሴ ቢሆን ምን አደርግ ነበር?» ብዬ ራሴን ስጠይቅ ነው የሻምበል ባሻ ይመር ድምፅ የመጣልኝ።

ሻምበል ባሻ ይመር የክፍላችን ዋና መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። ወታደሮቹ ከተኩስ ልምምድ ደክመው ሲመለሱ ቀጭኑን በርሜል ከትልቁ ሳያወጡ ጠመንጃውን ብቻ ይጥሉልንና ይሄዳሉ። እኔ አዲስ ሳለሁ ሳጥኑ ጎደለ ብዬ ወታደሩ ላይ ስጮህ ሻምበል ባሻ እየሳቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ከድጃ፣ ልጁን ከመክሰስሽ በፊት ጠመንጃዋን እያት። አርግዛ ይሆናል።» ከዚያ ወዲያ ክፍላችን ውስጥ ቀጭን በርሜል በሆዷ ይዛ የተመለሰች ጠመንጃ ስሟ «እርጉዝ» ሆነ። ገቢ ደረሰኝ ላይ ከመፈረሜ በፊት ሁልጊዜ እርጉዝ መሆኗን አያለሁ።

ጠመንጃዋስ የት አለች? ይህን ስጠይቅ ከምንጣፉ ተነሳሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የሚስስ ኤድና አማች ነኝ ያለ ሰው አምጥቶት የኋላው ክፍል ጥግ የቆመ፣ እኛ ምንሽር የምንለው ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ ነበር። እኔው ነኝ አቧራውን ያራገፍኩት። ላዩ ላይ በታሰረው ካርድ ራንዲ የጻፈውን አስታወስኩ፦ «በርሜሉ የተደፈነ፤ የማይተኩስ፤ ለጌጥ»። ራንዲ ከኋላ አጮልቆ አይቶ፣ ጉሮሮዋ ተይዞ ሲያገኘው፣ ለሰልፍ ማሳያ ተብላ የተደፈነች መስላው ነው! ጠመንጃውና ሳጥኑ በተለያየ ቀን ገብተው፣ በተለያየ ክፍል ተቀምጠው፣ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን የመዘገበ ሰው አልነበረም። ሁለቱም እንደ ጎዶሎ ተቆጠሩ።

«ሰይድ ተነሳ! ሮዝዌል አድርሰኝ!»

«ዛሬ እኮ ኦፍ ነሽ።»

«ተነሳ አልኩህ!»

በዚያን ቀን መንገዱ አደጋ ነበረበትና ስንደርስ ጨረታው ከተጀመረ ቆይቷል። ሰይድ «ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ» አለኝና እኔ ሮጬ ገባሁ። በር ላይ የማላውቃት የቅዳሜ ሠራተኛ መዝገብ ዘርግታ ተቀምጣለች። ስምሽን ጻፊ አለችኝ፤ የስም መቆጣጠሪያ መስሎኝ ጻፍኩ። አድራሻሽ አለችኝ፤ ሰጠሁ። ፈርሚ አለችኝ፤ መፈረም ደግሞ እወዳለሁ። ከዚያ 114 የሚል ካርቶን ሰጠችኝ። ተራ ቁጥር ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ እዚህ ቤት ሥርዓት ያለው ነገር አገኘሁ።

ለአሜሪካን ጨረታ ለለመደ ሰው ይህ ያስቃል። እኔ የማውቀው ጨረታ ዋጋህን ጽፈህ በፖስታ አሽገህ ሳጥን ውስጥ የምትከተው፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ የሚከፍተው ነው። ሰው አዳራሽ ተቀምጦ እጅ እያወጣ ይገዛል ብሎ ማን ነገረኝ?

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሚስተር ዋልተር ከፍ ያለ ቦታ ቆሞ፣ እንደ መንዙማ አውጪ በአንድ ትንፋሽ ቁጥር ያንቆረቁራል። ራንዲ ዳር ላይ ስልክ ይዟል። ሚስስ ኤድና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እና መድረኩ ላይ፣ በሁለት ሠራተኞች እጅ ከፍ ብላ የምትታየው ማን ትሆን? የእኔ ምንሽር!

ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ ለሚስቱ «ከላይዋ አምፖል ተክዬ የሳሎን መብራት አደርጋታለሁ» ሲላት ሰማሁ። መብራት! ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁ።

እኛ ስብሰባ ላይ ለመናገር የሚፈልግ ሰው እጁን ያወጣል፣ ሰብሳቢው እድል ይሰጠዋል። ሚስተር ዋልተር አየኝ፤ በጣቱ ጠቆመኝ፤ «ሃምሳ!» አለ። ልናገር ስል ወፍራሙ ሰውዬ ካርቶኑን አነሳ፤ «ስድሳ!» እድሉን የነጠቀኝ መሰለኝና ተናደድኩ። ተራ ቁጥሬን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩ። «ሰባ!» ሰውዬው እንደገና። እኔም እንደገና። ሰዉ እየዞረ ያየኝ ጀመር። እኔ ደግሞ እድል ሳይሰጠኝ እጄን የማወርድ ሴት አይደለሁም።

ሰይድ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ የገባው «መቶ ሃያ!» ሲባል ነው።

«ከድጃ! እጅሽን አውርጂ! ኧረ ቢድ እያደረግሽ ነው!»

«ምን እያደረግኩ ነው?»

«እየገዛሽው ነው! ኦ ማይ ጋድ፣ የታክሲዬን ፔይመንት በምን ልከፍል ነው!»

እጄን ላወርድ ሳለሁ ወፍራሙ ሰውዬ ራሱን ነቀነቀና ተወ። ሚስተር ዋልተር መዶሻዋን አሳረፈ። «በመቶ ሠላሳ ዶላር ተሸጠ፣ ለ114!» ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «ካዲሻ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በመጨረሻ እድል ተሰጠኝ ማለት ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «እድል ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» አልኩ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ምን ልበል? ቀጭኑ በርሜል ትልቁ በርሜል ውስጥ ነው ለማለት ቃላቱን ስፈልግ አንደበቴ ላይ የቀረበልኝ ሆስፒታል ስመላለስ በየወረቀቱ ላይ የለመድኩት ቃል ነበር።

«እርጉዝ ናት!» ብዬ ጮህኩ።

ማናት ብሎ የጠየቀ የለም። ከቀኝ አንዲት ሴትዮ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፣ ከግራ አንዱ ውሃ በብርጭቆ ይዞ ሮጠ፣ አንዱ ሰይድን «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ እጁን ጨበጠው።

«እኔ አይደለሁም!» አልኩ፣ በካርቶኔ ወደ መድረኩ እየጠቆምኩ። «ጠመንጃዋ! ጠመንጃዋ ናት እርጉዝ! ልጇ ሆዷ ውስጥ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ራንዲ ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ጠመንጃዋን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ጠመንጃዋን አየ።

«ዋልተር» አለ፣ «ጨረታውን አቁም።»

ጠመንጃዋን ጠረጴዛ ላይ አጋደምናት። ሳጥኑም መጣ። ሰዉ ወንበሩን ትቶ ከበበን። ራንዲ ቃታውን አወጣና ከኋላ አጮለቀ። «የደረቀ ጥቁር ቅባት ነው የማየው» አለ። የማጽጃ ዘንግ ጠየቅሁት፤ ሰጠኝ። ከአፈሙዙ በኩል አስገብቼ ገፋሁ። ዘንጉ ወዲያው ቆመ። ደግሜ ገፋሁ። ንቅንቅ የለም።

«ከድጃ፣ በቃ እንሂድ» አለኝ ሰይድ በጆሮዬ። ድምፁ ውስጥ ሀዘን ነበር፤ ለእኔ አፍሮ።

ራንዲም «ምናልባት በእርግጥ የተደፈነች ናት» አለ።

ሚስስ ኤድና ግን ተነስተው መጥተው አጠገቤ ቆመው ነበር። «ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ትከሻውን ያመው ነበር» አሉኝ። «በትልቁ ጥይት ሲተኩስ ጠመንጃው ትከሻውን ስለሚመታው በትንሿ ብቻ ነበር የሚተኩሰው።»

ይህን ስሰማ ልቤ መለስ አለ። ሰውዬው ከመጨረሻ ተኩሳቸው በኋላ አላወጧትም ማለት ነው! የዓመታት ቅባት ደርቆ ይዟታል እንጂ አልተደፈነችም። ሻምበል ባሻ ይመር ለእንዲህ ዓይነቷ ምን ያደርጉ ነበር? ሙቅ ውሃ! ከቡና ማሽኑ ሙቅ ውሃ እንዲያመጡልኝ፣ ፎጣም እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ፎጣውን ነክሬ ጨምቄ በርሜሉ ላይ ጠቀለልኩት። ሲቀዘቅዝ እንደገና ነከርኩ። አራት ጊዜ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለ ራንዲ።

«እያማጠች ነው» አልኩት። በዚህኛው እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

አምስተኛው ፎጣ ላይ ዘንጉን ያዝኩና ቢስሚላህ ብዬ ገፋሁ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ከውስጥ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ ተሰማች። ዘንጉ የጣት ስፋት ያህል ገባ። ከኋላ በኩል ራንዲ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ ጥቁር ቅባት የተቀባ የብረት ጫፍ ብቅ አለ። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ቀጭኗ በርሜል ሙሉ ቁመቷን ይዛ መዳፉ ላይ ወጣች። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም።

«ቆይ» አልኩ። «ቁጥር።»

ሳጥኑን አገላበጥኩ። «ሦስት ሺህ ሰማንያ ስድስት» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ልክ እንደ ቆጠራ ጊዜ። ቃታውን አነሳሁ፤ «ሦስት ሺህ ሰማንያ ስድስት»። ካዝናውን፤ «ሦስት ሺህ ሰማንያ ስድስት»። ከዚያ በርሜሏን በቀሚሴ ጠርዝ ጠረግሁ። ቅባቱ ሲለቅ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ማንበብ አቃተኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶት ነበር። ራንዲ ነው ያነበበልኝ።

«ሦስት፣ ዜሮ፣ ስምንት፣ ስድስት። ጌታዬ! ሁሉም አንድ ቁጥር። ሳጥኑ ከነዕቃው ሙሉ ነው፣ ጠመንጃዋም አብራው አለች።»

አዲሱ ግምት ይህ ነበር፦ ትናንት ሁለት መቶ የተባለው ሳጥንና ለመብራት የታሰበችው ምንሽር አብረው፣ ራንዲ እንዳለው፣ ከሦስት ሺህ ዶላር በታች አይሄዱም። የእኔ መቶ ሠላሳ ተሰረዘ፤ ሰይድ ያን ጊዜ ነው መተንፈስ የጀመረው። ራንዲ የድሮ መሣሪያ ለሚሰበስቡ ሰዎች ደወለ፤ ጨረታው መጨረሻ ላይ ሁለቱም እንደ አንድ ዕቃ ቀርበው አራት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር አወጡ። ወፍራሙ ሰውዬ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «መብራቴን አጠፋሽብኝ» አለኝ።

ከዚያ በፊት ግን ሚስተር ዋልተር ማይክሮፎኑን አንስቶ ነበር። ትልቅ ሰው ፊቱ እንደዚያ ሲቀላ አይቼ አላውቅም። «ትናንት ይህችን ሴት ዕቃ ጥላለች ብዬ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አስገብቻታለሁ» አለ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ስሟ...» ብሎ ቆመና ወደ እኔ ዞረ። «ስምሽን በትክክል ንገሪኝ።»

«ከድጃ» አልኩት።

«ከድጃ» አለ። ሁለተኛ አልተሳሳተም።

ሰኞ ስገባ መወልወያው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ለእኔ ጠረጴዛ፣ መዝገብና የተሳለ እርሳስ ተቀምጦልኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደዚያ ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ በእኔ እጅ ተቆጥሮ፣ ከማን እንደመጣ ተመዝግቦ፣ ሰጪና ተቀባይ ፈርመውበት ነው የሚገባው። ዘጠኝ ዓመት ሠራሁበት። ከራንዲ ጋር ስንት ዕቃ እንደለየን ብነግራችሁ መሽቶ ይነጋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ አገር ቀይራችሁ ሙያችሁ ያልሆነ ሥራ የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኔ አምስት ወር ሙሉ የማውቀውን ደብቄ አቧራ ስወለውል፣ «ማንም አልጠየቀኝም» እያልኩ በሰዎቹ ላይ ቂም እይዝ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሳጥኑን ስከፍት «ይህን አውቀዋለሁ» ብል ኖሮ ዓርብ ገንዳ ውስጥ አልገባም ነበር። እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። መጨረሻ ላይ ያወጣኝ ግን ያው የሚያሳፍረኝ እንግሊዝኛ ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ፣ እኔም ነገሬን ተናገርኩ። የምታውቁትን ነገር ስትናገሩ ሰው ቢስቅባችሁ ይሳቅ። የሳቀ ሰው ቢያንስ ሰምቷችኋል።

ሚስስ ኤድና የመጡት በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሚስተር ዋልተር ሊቀበላቸው ሲነሳ በእጃቸው ተው አሉትና ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ። ከቦርሳቸው የስኔልቪሉን ቤት ቁልፍ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት።

«እኔ ዛሬ ወደ ልጄ ቤት እሄዳለሁ» አሉኝ። «የቀረው የቤቱ ዕቃ እንዳለ ነው፤ መሳቢያዎቹን እንኳ አልከፈትኳቸውም። ሁሉንም አንቺ መዝግቢው።»

«እርስዎ ሳይኖሩ? ቢያንስ አብረን እንቁጠረው እንጂ።»

«ለምን?» አሉና ጓንታቸውን እያጠለቁ ወደ በሩ ሄዱ።